ዘግይቶ የሚደርስ ምስጋና፦ የሮክ አድናቂዎችና የሚያልፉት ቤዝ ተጫዋቾች

ኖቬምበር 20 ቀን 2025 የማንቸስተሩ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ጋሪ ማውንፊልድ በ63 ዓመቱ ማረፉ ተሰማ። ወዳጆቹም አድናቂዎቹም የሚጠሩት «ማኒ» እያሉ ነበር። ከአንድ ወር በፊት፣ ኦክቶበር 18፣ የአሜሪካው ሊምፕ ቢዝኪት ባንድ ቤዝ ተጫዋች ሳም ሪቨርስ ገና በ48 ዓመቱ አርፎ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በዕድሜም፣ በአገርም፣ በሙዚቃ ስልትም የሚገናኙ አይደሉም፤ ሞታቸውን ተከትሎ በአድናቂዎቻቸው ዘንድ የታየው ነገር ግን አንድ ዓይነት ነው። ሰዎች የሐዘን ቃል ጽፈው አላበቁም፤ ለዓመታት ሲያንጎራጉሯቸው የኖሩትን ዘፈኖች እንደገና ከፍተው፣ በዚህ ጊዜ ድምፃዊውንና ሊድ ጊታሩን ወደ ጎን ትተው፣ ወፍራሙን ድምፅ እየተከታተሉ ማዳመጥ ጀመሩ። ወዲያውም የቆየው ክርክር ተቀሰቀሰ፦ ከሮክ ቤዝ ተጫዋቾች የማን እጅ ይበልጣል? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩና ሐዘኑ አብረው መምጣታቸው የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስለኝም። ቤዝ ተጫዋች በሕይወት ሳለ የሚገባውን ጆሮ የማያገኝ ባለሙያ ነው። ሞቱ ሲሰማ አድማጩ ሰውየውንም ያለቅሳል፣ ሲሰማው ኖሮ ልብ ሳይለው የቀረውን ሥራም ያለቅሳል። ለዚህ ግን አድማጩን ብቻ በግድየለሽነት መክሰስ ተገቢ አይደለም። የድምፁ ተፈጥሮ፣ የቀረጻ ቴክኖሎጂው ታሪክና የሙዚቃ ኢንዱስትሪው ስምና ገንዘብ የሚያከፋፍልበት ልማድ፣ ሦስቱም ተባብረው ቤዝ ተጫዋቹን ከፊት አርቀውታል።

የማኒን ሥራ ቀረብ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ግልጽ ይሆንለታል። የማኒ ባንድ ስቶን ሮዝስ በ1989 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ሲከፈት፣ ካልተለየ ጫጫታ ውስጥ መጀመሪያ ጎልቶ የሚወጣው የዜማ ሐረግ የእሱ ቤዝ ነው፤ ጊታሩ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው፣ ድምፃዊው ኢያን ብራውን ደግሞ ከሁሉም ዘግይቶ ይገባል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣውና አሥር ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው «ፉልስ ጎልድ» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚንከባለለው ማኒና ድራመሩ አለን «ሬኒ» ሬን በያዙት አንድ ምት ላይ ነው። በጊዜው ሮክ የሚወደው ወጣትና በዳንስ ቤት የሚያመሸው ወጣት በአንድ ዘፈን የተገናኙት በዚህ ምት ምክንያት ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም የዚያ አልበም ዘፈኖች ደራሲ ተብለው የተመዘገቡት ብራውንና ጊታሪስቱ ጆን ስክዋየር ናቸው፤ የባንዱ ታሪክ ሲወሳም ቀድሞ የሚጠራው የእነዚሁ የሁለቱ ስም ነው። የማኒ ስም በዚህ ስፋት የተነሣው ሞቱ በተሰማ ጊዜ ነው።

ይህን ለመረዳት ከድምፁ ተፈጥሮ መጀመር ያስፈልጋል። የባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ጣት ሳያርፍበት ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የመደበኛው ጊታር ወፍራም ክር ግን 82 ጊዜ ያህል ነው፤ አንድ ሙሉ ኦክታቭ ከፍ ይላል ማለት ነው። በዚህ ዝቅተኛ ክልል የሰው ጆሮ ደካማ በመሆኑ፣ ወፍራም ድምፅ ከቀጭኑ እኩል ጎልቶ እንዲሰማ ብዙ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። የእጅ ስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ይህን ንዝረት ጨርሶ ማውጣት አይችልም፤ ከበላይ ካሉት ተጓዳኝ ድምፆች ተነሥቶ የጎደለውን የሚሞላው የአድማጩ አንጎል ነው። ዛሬ በስልኩ የሚያዳምጥ ሰው የቤዙን መስመር ይገምታል እንጂ ሙሉ ድምፁን አይሰማም።

ነገር ግን ጆሮ የማይጨብጠውን አካል ያውቀዋል። የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2014 የታተመ ጥናት፣ የሰው አንጎል የጊዜ መዛነፍን ከቀጭን ድምፅ ይልቅ በወፍራሙ ላይ አጥርቶ እንደሚለይ አሳይቷል። ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ የወጣ በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በእውነተኛ ኮንሰርት ላይ የተደረገ ነው፤ ተመራማሪዎቹ እጅግ ዝቅተኛ ድምፅ የሚያወጡ ማጉያዎችን በየጥቂት ደቂቃው እያበሩና እያጠፉ የታዳሚውን እንቅስቃሴ ለኩ። ማጉያዎቹ በሚበሩበት ጊዜ ታዳሚው ወደ 12 በመቶ በሚጠጋ መጠን የበለጠ ይጨፍር ነበር፤ መብራታቸውንና መጥፋታቸውን ግን አልለየም። የቤዝ ተጫዋች ዕጣ ፈንታ በዚህ ሙከራ ውስጥ ተጠቃልሎ ይታየኛል፦ ሰውን ያንቀሳቅሳል፣ የተንቀሳቀሰው ሰው ግን ማን እንዳንቀሳቀሰው አያውቅም።

የቀረጻ ታሪኩም ይህንኑ አባብሶታል። ሊዮ ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ እስኪያቀርብ ድረስ የወፍራሙ ድምፅ ባለቤት ኮንትራባስ ነበር፤ ግዙፍ፣ ለጉዞ የማይመች፣ ከድራምና ከነፋስ መሣሪያዎች ጩኸት በታች የሚዋጥ መሣሪያ። አዲሱ ቤዝ በትከሻ የሚንጠለጠል፣ በኤሌክትሪክ የሚጎላና ድምፁ በትክክል የሚያርፍ ሆነ። መሣሪያው ተሻሻለ እንጂ ሸክላው ግን አልተሻሻለም። ወፍራም ድምፅ በሸክላው ላይ የሚቀረጸውን ቦይ በሰፊው ስለሚያወዛውዘው መርፌው ሊዘል ይችላል፤ በዚህ ስጋት የእንግሊዝ ስቱዲዮዎች ቤዙን ያሳንሱት ነበር። ቢትልሶች የአሜሪካ ሸክላዎች ቤዝ ከራሳቸው የሚበልጠው ለምን እንደሆነ ይጠይቁ የነበረውም በዚህ የተነሣ ነው። በ1966 «ፔፐርባክ ራይተር» ሲቀረጽ ወጣቱ የድምፅ መሐንዲስ ጄፍ ኤምሪክ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አምጥቶ ከፖል ማካርትኒ አምፕሊፋየር ፊት ለፊት አቆመና እንደ ማይክሮፎን ተጠቀመበት። ከዚያ ቀረጻ ቀድሞ የወጡትን የቢትልስ ሸክላዎችና ይህን ሸክላ አከታትሎ የሚያዳምጥ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይሰማል። ከዚያ በፊት የነበሩ የሮክ ቤዝ ተጫዋቾች ምን ያህል ሥራቸው በሸክላ ቆራጮች ጥንቃቄ ሰበብ እንደቀረ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ማካርትኒ ራሱ አርአያው እንደሆነ ደጋግሞ የመሰከረለት ሰው የዲትሮይቱ ጄምስ ጄመርሰን ነው። ጄመርሰን የሞታውን ኩባንያ የቤት ተጫዋች ሆኖ በ1960ዎቹ ዓለም የጨፈረባቸውን ዘፈኖች ቤዝ ተጫውቷል። ክሩን የሚመታው በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ ነበር፤ ክሮቹንም ካልተበጠሱ በቀር አይቀይራቸውም፤ ያረጀው ክር የሚያወጣው የደነዘዘና የሞላ ድምፅ መለያው ሆኖ ነበር። የሮክ ቤዝ ተጫዋቾች ከእሱ የተማሩት ትልቅ ነገር ቤዝ የአጃቢነት ሥራውን ሳይለቅ የራሱን ዜማ መናገር እንደሚችል ነው። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት የሞታውን ሸክላዎች ላይ የአጃቢዎቹ ስም አይጻፍም ነበር። የጄመርሰን ስም ጎልቶ የታተመው በ1971 በወጣው የማርቪን ጌይ አልበም ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ በሥራ ላይ ነበር። በ1983 ሞታውን 25ኛ ዓመቱን በቴሌቪዥን ሲያከብር ጄመርሰን ከተጋባዦቹ መካከል አልነበረም፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት ቲኬት ገዝቶ ከኋላ ተቀምጦ ነው ዝግጅቱን ያየው። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በ47 ዓመቱ አረፈ። የሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም በ2000 በክብር መዝገቡ ሲያሰፍረው ከሞተ 17 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር።

የአድናቂዎች ክርክር ምን እንደሚያይና ምን እንደሚስት ለማወቅ ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ያወጣቸውን ሁለት ዝርዝሮች ማነጻጸር ይጠቅማል። በ2011 አንባቢዎች ራሳቸው ድምፅ በሰጡበት ምርጫ አንደኛ የወጣው የዘ ሁው ባንድ ተጫዋች ጆን ኤንትዊስል ነበር፤ የሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርሱ ፍሊ፣ ማካርትኒና የራሹ ጌዲ ሊ ተከተሉት። ጄመርሰን ከአሥሩ ውስጥ አልገባም። በ2020 መጽሔቱ ራሱ የሃምሳ ቤዝ ተጫዋቾችን ዝርዝር ሲያወጣ ደግሞ በአንደኛነት የተቀመጠው ጄመርሰን ሆነ። አንባቢዎቹ መድረክ ላይ ያዩትንና ስሙን ያነበቡትን ሰው መረጡ፤ የመጽሔቱ ሰዎች ደግሞ የሌሎቹ መምህር የሆነውን መረጡ። ሁለቱም ምርጫ ሐቀኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ልዩነቱ የመጣው ከጆሮ ድንቁርና ሳይሆን ከሸክላ ሽፋን ላይ ከጎደለ አንድ ስም ነው።

ኤንትዊስልን የመረጡ አድናቂዎችም ያለ ምክንያት አይደለም የመረጡት። በ1965 በወጣው «ማይ ጄነሬሽን» ውስጥ፣ በተለምዶ የጊታር ሶሎ በሚገባበት ቦታ ላይ የሚመልሰው ቤዙ ነው፤ በሮክ ሸክላ ላይ እንዲህ ያለ የቤዝ ሶሎ በዚያን ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር። ፒት ታውንዘንድ ጊታሩን ሲሰባብር፣ ሮጀር ዳልትሪ ማይክሮፎኑን ሲወረውር፣ ኪዝ ሙን ድራሙን ሲያስጨንቅ፣ ኤንትዊስል አንድ ቦታ ቆሞ ጣቶቹን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር። ጁን 27 ቀን 2002፣ የባንዱ የአሜሪካ ጉዞ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ በ57 ዓመቱ ላስ ቬጋስ ውስጥ በሆቴል ክፍሉ ሞቶ ተገኘ። ባንዱም ጁላይ 1 በሎስ አንጀለሱ ሆሊውድ ቦውል መድረክ ላይ ወጣ፤ በኤንትዊስል ቦታ ፒኖ ፓላዲኖ ቆሞ ነበር።

አራት ቀን ብቻ። ያን ውሳኔ አድናቂዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ሥራው እንዲቀጥል እሱም ይፈልግ ነበር የሚሉ አሉ፤ ድምፃዊ ቢሞት ኖሮ በአራት ቀን ይተካ ነበር ወይ ብለው የሚጠይቁም አሉ። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነው፤ መልሱም ለሁላችንም የታወቀ ይመስለኛል። ፓላዲኖ ከዓለም ድንቅ ተጫዋቾች አንዱ በመሆኑ በችሎታ ረገድ የሚነቀፍበት ነገር የለም። አድናቂውን ያስከፋው ቤዝ ተጫዋች እንደ መለዋወጫ ዕቃ የሚታሰብበት አስተሳሰብ ነው። በአንጻሩ የዚዚ ቶፑ ደስቲ ሂል በጁላይ 2021 በ72 ዓመቱ ሲሞት ባንዱ በፍጥነት ሲቀጥል ብዙ ቅሬታ አልተሰማም፤ ምክንያቱም በቦታው የገባው ኤልዉድ ፍራንሲስ ለዓመታት የባንዱን ጊታሮች ሲንከባከብ የኖረና ሂል ራሱ እንዲተካው የፈለገው ሰው ነበር። የየስ ባንድ መሥራች ክሪስ ስክዋየርም በ2015 በደም ካንሰር ሲታመም ቦታውን ለቆየ ባልደረባው ለቢሊ ሸርዉድ አስተላልፎ ነው ያለፈው። ስክዋየር እስከ ሞቱ ድረስ በባንዱ አልበሞች ሁሉ ላይ የተጫወተ ብቸኛ አባል ነበር፤ የሞተበት ዕለትም ከኤንትዊስል ጋር አንድ ነው፤ ጁን 27። የክሪሙ ጃክ ብሩስና የግሬትፉል ዴዱ ፊል ሌሽም እንዲሁ በተለያየ ዓመት በኦክቶበር 25 አርፈዋል። የቤዝ አፍቃሪዎች እነዚህን ሁለት ቀናት በየዓመቱ ያስቧቸዋል።

ሐዘን በሙዚቃው ድምፅ ላይ ራሱ አሻራውን የተወበት አንድ ታሪክ አለ፤ እሱም የሜታሊካው ክሊፍ በርተን ነው። በርተን ክላሲካል ሙዚቃ ያጠና፣ ቤዙን ድምፅን በሚቀይሩ መሣሪያዎች፣ በዋህ ፔዳልና በዲስቶርሽን፣ አሳልፎ ጊታር የሚያስመስል ወጣት ነበር። በ1984ቱ «ራይድ ዘ ላይትኒንግ» አልበም ውስጥ «ፎር ሁም ዘ ቤል ቶልስ» ሲጀምር የሚሰማውን ዜማ ስንቱ አድማጭ ለዓመታት የጊታር ነው ብሎ ሲያስብ ኖሯል፤ የበርተን ቤዝ ነው። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1986 ንጋት ላይ በደቡብ ስዊድን መንገድ ላይ ባንዱን የጫነው አውቶቡስ ተገለበጠና በርተን በ24 ዓመቱ ሞተ። «ማስተር ኦፍ ፐፐትስ» ከወጣ ገና ሰባት ወር አልሞላውም ነበር።

በቦታው ጄሰን ኒውስቴድ ተቀጠረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ «...ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» ሲወጣ አድማጩ የገጠመው ነገር እንግዳ ነበር፦ ቤዙ የለም ማለት ይቻላል። ኒውስቴድ ተጫውቷል፣ ተቀርጿልም፤ ነገር ግን በመጨረሻው ቅንብር ላይ ድምፁ እስከማይሰማ ድረስ ዝቅ ተደርጓል። ቅንብሩን የሠራው ስቲቭ ቶምፕሰን ከዓመታት በኋላ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ቤዙ እንዲቀነስ ያዘዘው ድራመሩ ላርስ ኡልሪክ እንደነበር ተናግሯል፤ የባንዱ አባላት በበኩላቸው የድካም፣ የጆሮ መዛልና የጊታር ድምፅ ምርጫ ጉዳይ እንደነበር ሲያስረዱ ቆይተዋል። አድናቂው ግን የራሱን ትርጉም ይዟል፤ ባልቀበሩት ሐዘን ውስጥ ያሉ ወጣቶች የሟቹን ቦታ ለማንም መስጠት አልቻሉም፣ ባዶውን ተዉት። እኔም ወደዚህ ትርጉም አዘነብላለሁ፤ በተለይ በዚያው አልበም ውስጥ ከበርተን ቅሪት ዜማዎችና ቃላት የተሠራ ረጅም የመሣሪያ ሙዚቃ መኖሩን ስመለከት። ለሟቹ ቦታ ተገኝቷል፤ ለተተኪው አልተገኘም። ይህ ለኒውስቴድ ትልቅ በደል ነበር። አድናቂዎቹ በገዛ ኮምፒውተራቸው ቤዙን ከፍ አድርገው ያንኑ አልበም ደግመው ያቀናበሩት በዚህ ተቆጭተው ነው፤ እነዚህን ቅጂዎች ከመጀመሪያው አስበልጠው የሚያዳምጡ ብዙ ናቸው። ከሐዘን ሁሉ የበለጠ ፍሬያማው ይህ ዓይነቱ ይመስለኛል፤ በሕይወት ላለ ሰው የተደረገ ነውና።

የበርተን አባት ሬይ በርተን የልጁን የሮያሊቲ ድርሻ ልጁ ለተማረበት የካስትሮ ቫሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ተማሪዎች የነጻ ትምህርት ዕድል ያውለው እንደነበር በ2017 ተናግሯል፤ እሱም በ2020 አረፈ። ስዊድን ውስጥ አደጋው በደረሰበት አካባቢ ከ2006 ጀምሮ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል፤ ከሩቅ አገር የሚመጡ አድናቂዎች እስከ ዛሬ ይጎበኙታል።

የገንዘቡ ጉዳይ ሳይነሣ ይህ ነገር አይሟላም። በሮክ ኢንዱስትሪ ልማድ የዘፈን ደራሲ ማለት ግጥሙንና ዋናውን ዜማ ያወጣ ሰው ነው፤ የቤዙ መስመር ምንም ያህል የዘፈኑ መለያ ቢሆን እንደ አጀብ ይቆጠራል። የለንደኑ የስቱዲዮ ተጫዋች ኸርቢ ፍላወርስ በ1972 በሉ ሪድ «ዎክ ኦን ዘ ዋይልድ ሳይድ» ላይ የተጫወተው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መስመር ዘፈኑን ከመጀመሪያው ሴኮንድ የሚያስለይ ነው። በኮንትራባስ ከተጫወተው በኋላ ያንኑ በኤሌክትሪክ ቤዝ ከላይ ደረበበት፤ ምክንያቱን ሲጠየቅም በሁለት መሣሪያ ለተጫወተ ሰው ክፍያው እጥፍ እንደሚሆን በግልጽ ይናገር ነበር። ከዚያ የአንድ ቀን ክፍያ በስተቀር ከዘፈኑ የደራሲነት ገቢ የደረሰው ነገር የለም። ፍላወርስ በሴፕቴምበር 2024 በ86 ዓመቱ ሲያርፍ በየዜናው መግቢያ ላይ የተጠቀሰው ያው መስመር ነበር።

የዘ ስሚዝሱ አንዲ ሩርክ ታሪክ ከዚህም ይመራል። የባንዱ የመድረክና የቀረጻ ገቢ ሲከፋፈል ለድምፃዊው ሞሪሲና ለጊታሪስቱ ጆኒ ማር ለእያንዳንዳቸው 40 በመቶ፣ ለሩርክና ለድራመሩ ማይክ ጆይስ ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ ይደርስ ነበር። ባንዱ በ1987 ከፈረሰ በኋላ ሁለቱ ክስ መሠረቱ፤ ሩርክ ግን ገንዘብ ቸግሮት ስለነበር በ1989 በ83,000 ፓውንድና በ10 በመቶ ድርሻው ተስማምቶ ወጣ። ጆይስ በክሱ ጸና፤ በዲሴምበር 1996 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት 25 በመቶ እንዲከፈለው ፈረደለት። ሩርክ በ2023 በሜይ ወር በጣፊያ ካንሰር በ59 ዓመቱ ሲሞት ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛው የነበረው ማር ዜናውን ለዓለም አሳወቀ፤ አድናቂዎችም የሩርክን መስመሮች አንድ በአንድ እየጠቀሱ ያለ እሱ ባንዱ ባንድ እንደማይሆን መሰከሩ። ምስክርነቱ እውነት ነው። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት፣ ስምምነቱን ሲፈርም፣ እንዲህ ብሎ የመሰከረለት ሰው ቢኖር ግን ሌላ ዋጋ ይኖረው ነበር።

ከዚህ ሁሉ ለየት የሚለው የፊል ሌሽ ነገር ነው፤ ስለዚህም ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል። ሌሽ ትራምፔት ተጫዋችና የዘመናዊ ክላሲካል ሙዚቃ ድርሰት ተማሪ ነበር፤ በ1965፣ በኋላ ግሬትፉል ዴድ ወደተባለው ባንድ ሲገባ፣ ቤዝ ይዞ አያውቅም። የማንንም ልማድ ስላልወረሰ ቤዙን ከጊታሩ ጋር የሚነጋገር ሁለተኛ ድምፅ አደረገው። ባንዱ በ1974 ለኮንሰርቶቹ ባሠራው «ዎል ኦፍ ሳውንድ» የተባለ ግዙፍ የድምፅ ማጉያ ግንብ ውስጥ የሌሽ አራት ክሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማጉያዎች ነበሯቸው፤ አንዱ ክር ከአንድ ወገን፣ ሌላው ከሌላ ወገን ይሰማ ነበር። አድናቂዎቹም ከመድረኩ ፊት እሱ በሚቆምበት በኩል ያለውን ቦታ በስሙ ሰይመው፣ ቤዙን በደረታቸው ለመስማት ቀድመው መጥተው ይይዙት ነበር። ባንዱ ታዳሚው ኮንሰርቶቹን በነጻ እንዲቀርጽ ስለፈቀደ ከ2,000 በላይ ከሚሆኑት ኮንሰርቶች አብዛኞቹ በአድናቂዎች እጅ ይገኛሉ፤ የየትኛው ምሽት ቤዝ ከየትኛው እንደሚበልጥ ሌሽ በሕይወት እያለ ለአሥርተ ዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል።

በ1998 ጉበቱ ተቀይሮ ሕይወቱ ከተረፈ በኋላ ሌሽ በየኮንሰርቱ መጨረሻ ታዳሚው የአካል ለጋሽ እንዲሆን ይለምን ነበር፤ ከዚያ በኋላ 26 ዓመት ኖሮ በኦክቶበር 2024 በ84 ዓመቱ አረፈ። የእሱ ሞት ሲሰማ የታየው ሐዘን ከባድ ቢሆንም ጸጸት የተቀላቀለበት አልነበረም። ሰዎቹ ሰምተውታል፣ ነግረውታልም። ቤዝ ተጫዋች ሳይደመጥ መሞቱ የተፈጥሮ ግዴታ አለመሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

የወቅቱ ሐዘን የበዛበት ምክንያት የዕድሜ ስሌት ነው። ኤሌክትሪክ ቤዝ ከሮክ ጋር አብሮ ያደገው በ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽና በ1940ዎቹ በተወለዱ ሰዎች እጅ ነው። ቢል ዋይማን በ1936፣ ማካርትኒ በ1942፣ ሮጀር ዋተርስ በ1943፣ ጆን ፖል ጆንስ በ1946፣ ጊዘር በትለር በ1949 ተወልደዋል። በሚቀጥሉት ዓመታት የሚመጣውን ሁሉም አድናቂ ያውቀዋል። በጁላይ 5 ቀን 2025 በበርሚንግሃም ቪላ ፓርክ ስታዲየም የተደረገው የብላክ ሳባት የስንብት ኮንሰርት ብዙዎችን የነካው ለዚህ ነው፤ ኦዚ ኦዝቦርን በዙፋን ላይ ተቀምጦ ሲዘፍን ሌሎቹ ሦስቱ የመጀመሪያ አባላት አብረውት ነበሩ፣ ከ17 ቀን በኋላም በ76 ዓመቱ አረፈ። ስንብቱ ሰውየው እየሰማ ተፈጸመ።

በዚያ መድረክ ላይ ከቆሙት አንዱ በትለር ነው፤ ስለ እሱ አሁኑኑ መናገር የሚገባ ነገር አለ። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በወጣትነቱ በፋብሪካ አደጋ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ በማጣቱ በኋላ ላይ ክሮቹን አላልቶ ቅኝቱን ዝቅ አደረገ፤ በትለርም አብሮት ወረደ። ከባዱ ሮክ ሄቪ ሜታል የተባለበት ያ የሚጎተት ድምፅ የተወለደው ከዚህ ነው። ብዙውን የባንዱን ግጥም የጻፈውም በትለር ነው። ጃክ ብሩስን በክሪም መድረክ ላይ አይቶ ቤዝ እንዴት እንደሚያዝ እንደተማረ ይናገራል። ኦዚ ሲሞት የዜናው ሁሉ ርዕስ ድምፃዊው መሆኑ ተገቢ ነበር፤ በትለር ግን ዛሬም በሕይወት አለ፣ ቃለ ምልልስ ይሰጣል፣ ሥራውን ማስረዳት ይችላል።

ከማያውቁት ሰው ጋር እንዲህ መቆራኘት ከልክ ያለፈ ነው የሚል ትችት ደጋግሞ ይሰማል። አልስማማበትም። በአሥራ አምስት ዓመቱ የሰማውን ድምፅ በሃምሳ ዓመቱም የሚሰማ ሰው ከዚያ ድምፅ ባለቤት ጋር ረጅም ዘመን ኖሯል። ትችቱ የሚገባው ሌላ ቦታ ነው። ሞት የሥራ ሚዛን አይደለም፤ በሐዘን ሰሞን የሚወጣ ደረጃ ለወጣት ሟች ያደላል፣ ታሪኩ አሳዛኝ ለሆነውም ያደላል። በ90ኛ ዓመቱ በአልጋው ላይ የሞተ የስቱዲዮ ተጫዋች በርተንን የሚያህል አፈ ታሪክ አያገኝም።

በ2025 ጁን 11 የቢች ቦይዝ መሪ ብራያን ዊልሰን በ82 ዓመቱ ሲያርፍ ይህ ነገር በሌላ መልኩ ታየ። ዊልሰን በባንዱ ውስጥ በመድረክ ላይ የያዘው መሣሪያ ቤዝ ነበር፤ በ1966ቱ «ፔት ሳውንድስ» ቀረጻ ላይ ግን መስመሮቹን እሱ እየነደፈ በብዙዎቹ ላይ የተጫወተችው የሎስ አንጀለሷ የስቱዲዮ ባለሙያ ካሮል ኬይ ናት። ኬይ ከ10,000 በላይ በሚሆኑ ቀረጻዎች ላይ እንደተሳተፈች ይገመታል፤ አብዛኞቹ ሸክላዎች ስሟን አልያዙም። በዚያው ዓመት የሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም በክብር መዝገቡ ሊያሰፍራት መምረጡን ሲያስታውቅ፣ የ90 ዓመቷ ኬይ በሥርዓቱ ላይ እንደማትገኝና ክብሩን እንደማትቀበል በይፋ ገለጸች። ከምክንያቶቿ አንዱ የስቱዲዮ ተጫዋቾች በቀረጻ ላይ በጋራ የሚሠሩት ሥራ በዚያ ዓይነት ሽልማት በትክክል አይገለጽም የሚል ነበር። አድናቂዎች በውሳኔዋ ሲከፋፈሉ አይቻለሁ። እኔ እሷ ትክክል ናት ባይ ነኝ፤ ስሟ መጻፍ የነበረበት በ1966 በሸክላው ሽፋን ላይ ነበር።